የማይደክም ኦፕሬተር

እናቴ ልታገባ ነው ብዬ አንድ ክረምት ሙሉ ተደብቄ አልቅሻለሁ። ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። ማስረጃ ደግሞ ሞልቶኝ ነበር። ሁልጊዜ ደክሟት የምትነጫነጨው እናቴ ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን ማበጠር ጀመረች። አንድ መነጽር ያደረገ ወጣት በየቀኑ እየመጣ አጠገቧ ይቀመጣል። ጋሼ መሰላል ደግሞ ቤታችን መምጣት አቆመ። የስምንት ዓመት ልጅ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች?

አባቴን አላውቀውም፤ ሳልወለድ ነው የሞተው። እኔና እማዬ የምንኖረው በመብራት ማከፋፈያ ጣቢያው አጥር ውስጥ፣ መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኞቹ ባሠራው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። ከሩቅ በትላልቅ የብረት ምሰሶዎች የሚመጣው ኃይል እኛ ግቢ ወርዶ ነው ለከተማው የሚከፋፈለው። ትራንስፎርመሮቹ ቀን ከሌት እምምም ይላሉ። ድምፁን ከመልመዴ የተነሳ ዘመድ ቤት ባደርኩ ቁጥር ዝምታው እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

እማዬ ኦፕሬተር ነበረች። የምትሠራበት መቆጣጠሪያ ክፍል ግድግዳው በሙሉ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ብረት ነው፤ ብረቱ ላይ ቀይና አረንጓዴ አምፖሎች፣ የሚንቀጠቀጡ ቀስቶች፣ ጥቁር እጀታ ያላቸው ቁልፎች ተደርድረዋል። ክፍሉ የጋለ አቧራና የወለል ሰም ይሸታል። ከትምህርት ቤት ስመለስ የቤት ሥራዬን የምሠራው ጠረጴዛዋ ሥር ተቀምጬ ነው። ስልኩ ይጮሃል። ጣቢያዎቹን ሁሉ ከሚያዘው ከማዕከል ነው። «የፋብሪካውን ክፈቺ» ይላታል ሰውዬው፤ ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማል። እማዬ ትነሳለች፣ ቁልፉን ትጠመዝዛለች፣ «ከፍቻለሁ» ትላለች፤ ያኔ ፋብሪካው ይጨልማል። «ዝጊ» ሲላት ደግሞ ይበራል።

ይሄ ነገር ለረጅም ጊዜ ግራ ያጋባኝ ነበር። ቤታችን ሬዲዮ ሲከፈት ይናገራል፣ ሲዘጋ ዝም ይላል። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ነገሩ ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው። አንድ ቀን ስጠይቃት «ሽቦው ሲነካካ ዝግ ነው፣ ሲለያይ ክፍት» አለችኝና አዛጋች። እኔም የእማዬ ሥራ የራሱ ቋንቋ አለው ብዬ ተቀበልኩት።

ጋሼ መሰላል የመስመር ሠራተኛ ነው። ረጅም ስለሆነና መሰላል ከትከሻው ስለማይወርድ ግቢው በሙሉ መሰላል ይለዋል፤ እኔ ብቻ ጋሼ እጨምርበታለሁ። ትከሻው ላይ አውጥቶ ያዞረኝና «ከዚህ በላይ ያለው አየር በክፍያ ነው» ይለኛል። ምሰሶ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሁልጊዜ መጀመሪያ እማዬ ጋ ይመጣል። እሷ መስመሩን ትከፍታለች፤ ከዚያ «ሰው ሥራ ላይ ነው፣ አትንካ» የሚል ቢጫ ሰሌዳ ቁልፉ ላይ ታንጠለጥላለች። እሱ ቆሞ ያያታል። «እንግዲህ ነፍሴ ባንቺ እጅ ነች» ይላታል። «ሂድ ውጣ፣ ወሬኛ» ትለዋለች። ይሄ እንደ ሰላምታ ነበር የሚደጋገመው።

በዚያ ዓመት ከእማዬ ጋር የሚፈራረቀው ኦፕሬተር ሥራውን ለቆ ሄደ። በምትኩ ሰው አልተቀጠረም። «ማሽን እየመጣ ነው፣ አሁን ሰው መቅጠር ምን ያደርጋል?» ተባለ። ሰውዬው ሄዷል፤ ማሽኑ ገና አልመጣም፤ በሁለቱ መካከል የቀረችው እማዬ ነች። የራሷን ፈረቃ ትሠራለች፣ የእሱን ትሠራለች፣ ከሌላ ጣቢያ የሚዋሰው ሰው ከመጣ ትተኛለች፣ ካልመጣ ትቀጥላለች። ቆማ ስትተኛ አይቻለሁ። ድንች እየላጠች ስትተኛ አይቻለሁ፤ ቢላዋው እጇ ላይ፣ ልጣጩ ተንጠልጥሎ። እኔ ይሄን የሁሉም እናቶች ፀባይ አድርጌ ነበር የምቆጥረው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ደጃፉ ላይ የወረቀት ጀልባ ውሃ ላይ ስለቅ፣ ከአጥሩ ማዶ ድው! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሰዎች ሮጡ። የመሥሪያ ቤቱ ፒካፕ ጭቃውን እየረጨ በግቢው በር ወጣ። እማዬ የመጣችው ሲመሻሽ ነው። ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ እኔን ለዚህ ትቆጣኝ ነበር።

«ጋሼ መሰላል እጁን ተቃጠለ» አለችኝ።

«በምን?»

«በ…» አለችና ቆመች። «በፈላ ውሃ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ለብዙ ጊዜ ማንቆርቆሪያ ያለበት ቦታ አልደርስም ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ከዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ አንጀቴን የሚበላው «በ…» ብላ የቆመችባት ቅጽበት ነች።

ጋሼ መሰላል ከሆስፒታል ሲመለስ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች የሉም፤ የቀሩትም አይታጠፉም። ምሰሶ መውጣት ቀረና መጋዘን ጠባቂ ሆነ። በትንሽዬ መስኮት አምፖልና ፊውዝ በግራ እጁ ያድላል። «ይሄ ግራ እጄ ዕድሜውን ሙሉ ሥራ ፈት ነበር፣ አሁን ገና ተቀጠረ» ይለኛል። አመሻሽ ላይ ቤታችን ብቅ ይላል። እማዬ ሻይ ትቀዳለታለች፤ ስትቀዳለት ግን የምታየው ብርጭቆውን ብቻ ነው። እሱም አያይባትም። እኔ በመካከላቸው እየተቀመጥኩ ሁለቱም ስለሚዋደዱ ነው የሚተፋፈሩት እል ነበር።

ከዚያ ያ መነጽር ያደረገው ወጣት፣ ኢንጂነሩ፣ መጣ።

በካርቶን የታሸጉ ብዙ ሳጥኖች፣ ላፕቶፕና ብስኩት ይዞ መጣ። ብስኩቱን ለእኔ ሰጠኝ፤ አልበላሁትም ብል ውሸት ነው። ጣቢያው በኮምፒውተር ሊሠራ ነው ተባለ። ቁልፎቹን ከሩቅ ሆኖ ማሽን ይከፍታል፣ ማሽን ይዘጋል። ሠራተኞቹ መጋዘኑ በር ላይ ተሰበሰቡ፤ እኔ ከጀርባ ከገመድ ጥቅሉ ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። «ማንም ምንም እንዳያሳየው» አለ አንዱ። «ራሱ ካወቀው ይወቀው። እኛ አፋችንን ከያዝን የት ይደርሳል?» ሁሉም ተስማሙ። እማዬ ምንም አላለችም፤ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። የተስማማች መሰላቸው። እኔ የተኛች ነው የመሰለኝ።

በማግስቱ ፀጉሯን አበጥራ ሥራ ገባች፤ ኢንጂነሩ ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ላይ «እርስዎ» ነበር የሚላት፤ እየቆየ «አንቺ» ሆነ። ይሄንንም መዝግቤ ያዝኩት። እሷ ስለ እያንዳንዱ ቁልፍ ትነግረዋለች፤ የትኛው ሲዘንብ እንደሚያስቸግር፣ የትኛው አምፖል እንደሚዋሽ። እሱ ደግሞ ማሽኑ ምን እንደሚያደርግ ያስረዳታል። ጎበዝ ልጅ ነበር፤ የማያውቀውን አላውቅም ይላል፣ የሚያውቀውን ደግሞ እኔም እስኪገባኝ ድረስ ይናገራል። ወደፊት የእያንዳንዱ ቤት ጣሪያ ከፀሐይ መብራት እንደሚያመርት፣ የተረፈው ትልልቅ ባትሪ ውስጥ ተጠራቅሞ ማታ እንደሚወጣ፣ ማሽኑ ነገ ደመና እንደሚሆን ዛሬ አውቆ እንደሚዘጋጅ ነገረኝ። አፌን ከፍቼ ሰማሁት። እንጀራ አባቴ ሊሆን ባይሆን ኖሮ እወደው ነበር።

«መስመር ላይ ሰው ካለስ?» አለችው እማዬ አንድ ቀን።

«የሚሠራው ሰው ራሱ በስልኩ ይቆልፈዋል። እሱ ወርዶ ካልፈታው በቀር ቁልፉ እምቢ ይላል።»

«ማዕከል ዝጋ ብሎ ቢያዘውስ?»

«እምቢ ይላል።»

«ድገመው እስኪ።»

«እምቢ ይላል፣ እቴ። እንዳትሳሳቺ ደግሞ፣ ማሽንም ይሳሳታል፤ የሠራነው እኛ ነን። ግን ስለደከመው አይሳሳትም። አይደክመውም።»

ይሄን ያለው እየሳቀ ነው። እማዬ አልሳቀችም። ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄደችና ለኛ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች፤ ከውጭ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም፣ ጠጠርና ሽቦ ብቻ። ስትመለስ ፊቷ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ የሆነ ከባድ ነገር ያወረደ ሰው ፊት ነበር።

«ና፣ ከመጀመሪያው እንጀምር» አለችው። «ምንም እንዳይቀርብህ።»

በቃ፣ ወደደችው አልኩ በልቤ። ጠረጴዛው ሥር ሆኜ እርሳሴን አኘክኩት።

ጋሼ መሰላል እኛ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። እኔ ደጅ ሳህን እያጠብኩ ነበር፤ በሩ ክፍት ነው።

«ሁሉንም ሰጠሽው?» አላት።

«ሁሉንም።»

«ለዚያ ልጅ?»

«ለእሱ።»

ከዚያ ጋሼ መሰላል፣ ያ ሳቂታው ሰውዬ፣ በማላውቀው ድምፅ «እኔ እጄን ሰጥቼ…» አለ።

«አትጨርሰው። ልጅ አለች።»

እጅ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ በደንብ አውቃለሁ። ሰፈር ውስጥ ስንጫወት የተሸነፈ ሁለት እጁን ያነሳና «እጅ ሰጥቻለሁ» ይላል። ጋሼ መሰላል እማዬን ለኢንጂነሩ ለቀቀለት ማለት ነው። ተሸነፈ። አጠገቤ ሲያልፍ ቀና ብዬ አየሁት፤ አላየኝም።

ከሳምንታት በኋላ የጽዳት ሠራተኛዋ ለእማዬ «መቆጣጠሪያ ክፍሉ ሊዘጋ ነው አሉ፣ እውነት ነው?» ስትላት ሰማሁ። «አዎ፣ ይዘጋል» አለች እማዬ። ልቤ በደስታ ዘለለ። እዚያ ክፍል ውስጥ መዘጋት ማለት መብራት ማለት ነው። ሮጬ መጋዘኑ መስኮት ጋ ደረስኩና «ጋሼ! ጋሼ! ክፍሉ ሊዘጋ ነው!» አልኩት እያለከለክሁ። አየኝ። ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ «እሰይ» አለና መስኮቱን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

በመጨረሻው ቀን ክፍሉ በሰው ተሞላ። ኢንጂነሩ ላፕቶፑ ላይ ነካ አደረገ፤ ግድግዳው ላይ ያለው አምፖል ቀለሙን ቀየረ፤ ከውጭ «ቀጭ» የሚል ድምፅ መጣ፤ እማዬ እጇን እንኳ አላነሳችም። አለቆቹ አጨበጨቡ። እሷ የሻይ ብርጭቆዎቹን አጥባ ደረደረች፣ ሹራቧን ከወንበሩ ላይ አነሳችና እጄን ይዛ ወጣች። ኢንጂነሩ በር ድረስ ሸኝቶን ጨበጣት። «አመሰግናለሁ፣ ካላንቺ አይሆንም ነበር» አላት። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።

ሠርጉን ጠበቅሁ። ኢንጂነሩ አልተመለሰም። የመሥሪያ ቤቱን ቤት ለቀን አንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ገባን፤ እማዬ አልጋ ላይ ወጣችና ተኛች። ትተኛለች፣ ትነሳና ታበላኛለች፣ ተመልሳ ትተኛለች። ከድቷት ሄዶ ነው፣ ልቧ ተሰብሮ ነው ብዬ ኢንጂነሩን ረገምኩት። ደከመኝ ብላ እንደተኛች፣ ለዚያ ሁሉ ጊዜ ያጠራቀመችውን እንቅልፍ እየተኛች እንደነበር ለመረዳት እኔም አድጌ፣ ሠርቼ፣ ደክሞኝ ማየት ነበረብኝ።

በኋላ መሥሪያ ቤቱ የክፍያ መስኮት ላይ አስቀመጣት። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ክፍያውም ስልክ ውስጥ ገባና መስኮቱ ተዘጋ፤ ይሄኛው እንኳ እውነተኛ መዘጋት ነው። ከዚያ ጡረታ ወጣች። ከጋሼ መሰላል ጋር በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

እኔም ከመብራት አልራቅኩም። የምሠራው ቆጣሪ ከሚቀይር ድርጅት ጋር ነው፤ አዲሶቹ ቆጣሪዎች ራሳቸው ያነባሉ፣ ራሳቸው ይናገራሉ፣ ጣሪያው ላይ ሶላር ያለው ሰው የተረፈውን መልሶ ለመስመሩ ይሰጥባቸዋል። አላስገባም የሚል ደንበኛ ሲኖር እንዳግባባው እኔ እላካለሁ። ከእኔ በፊት የሄዱት ልጆች «አንድ ሽማግሌ አሉ፣ በሩን ፊታችን ላይ ዘጉት» አሉኝ። ሄድኩ። በሩን በግራ እጁ ከፈተው።

እኔ ወዲያው አወቅሁት፤ እሱ ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ «ያቺ ከጠረጴዛ ሥር የማትወጣው!» አለና አቀፈኝ። ቁመቱ ጎብጦ እኔን አክሏል። አስገባኝ፣ አስቀመጠኝ፣ ስለ ቆጣሪው አንስቼ ገና ሳልጨርስ «ተይኝ እስኪ፣ ከዚያ ወሬ ተይኝ። እናትሽ እንዴት ነች?» አለኝ።

«ደህና ነች። ጉልበቷን ያማታል።» ደፍሬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ያኔ የተጣላችሁት… በኢንጂነሩ ነው አይደል? እሱን ስለወደደች።»

አፍጥጦ አየኝና ሳቀ። ሳል እስኪይዘው ሳቀ። «የእናትሽ ፍቅረኛ እንቅልፍ ነበር፣ ልጄ! ሌላ ማንን ልትወድ አቅም ነበራት?»

ሳቁ ሲበርድለት ነገረኝ። ያን ቀን ዝናቡ የሆስፒታሉን መስመር ጥሎት ነበር። ማዕከል ደውሎ ዝጊ አላት። እሷ ግን አጠገቡ ያለውን ዘጋችው፣ እሱ ምሰሶ ላይ ያለበትን። ቢጫውን ሰሌዳ በገዛ እጇ አንስታ። መስመሩን ከመሬት ጋር የሚያገናኘውን ሽቦ አስሮ ስለነበር ነፍሱ ተረፈች፤ እጁ ግን ሄደ። ለመርማሪዎቹ ጥፋቱ የእኔ ነው አላቸው። ጨርሻለሁ ብዬ ደውዬላት መፍቻ ረስቼ እንደገና ወጣሁ አላቸው። አመኑት።

«ለምን እንዲህ አልክ?»

«አንቺ ነበርሽ። እሷ ብትባረር የት ትወድቃላችሁ? ቤቱ የመሥሪያ ቤቱ ነው።» የማይታጠፈውን እጁን ጭኑ ላይ አስተካከለ። «እጄ ቢሄድም የእሷ ሥራ ቀረላት ብዬ ነበር የምጽናናው። እሷ ሄዳ በሳህን አድርጋ ለማሽን ሰጠችው። የኔም ሄደ፣ የእሷም ሄደ። ታዲያ እጄ በምን ሒሳብ ሄደ?»

የቆጣሪውን ነገር ደግሜ ሳላነሳበት ወጣሁ።

እማዬ ስደርስ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ልብስ ታጥፋለች። የሰማሁትን ነገርኳት። ማጠፏን አላቋረጠችም። አንድ ሸሚዝ አጠፈች፣ ዘረጋችው፣ መልሳ አጠፈችው።

«ሰሌዳውን ማንሳቴን አላስታውሰውም» አለች በመጨረሻ። «ይሄ ነው እስከዛሬ የሚያስፈራኝ። ጥፋቴን ባስታውሰው ይሻለኝ ነበር። እጄ ብቻውን ነው የሠራው።»

«አስቀርቶልሽ ነበር እኮ፣ ሥራሽን።»

«አዎ። እሱ ስጦታ መስሎት ነበር።» ሸሚዙን ከጭኗ ላይ አነሳችው። «በማግስቱ ያንኑ ቁልፍ እንድይዝ ነው ያስቀረኝ፣ ሚጣ። በማግስቱም፣ በሚቀጥለውም። ድካሙ አልቀረ፤ ሰው አልጨመሩልኝ። ነገ ደግሞ የማን ልጅ ላይ እንደምዘጋው አላውቅም። የማይደክመው መጣ ሲሉኝ… ለሌላው ሰው አስቤ ነው ብዬ ደግ ልምሰል? ደክሞኝ ነው። መተው ነው የፈለግኩት።»

«ለምን አልነገርሽውም?»

«እጅህን በከንቱ ነው ያጣኸው ብዬ ልንገረው?»

ከዚያ፣ እኔ እራቱን ላሞቅ ስነሳ፣ «ነገ ይዘሽኝ ሂጂ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት በታክሲ ወሰድኳት። ደረጃውን አንድ በአንድ፣ ትከሻዬን ይዛ ወጣች። በሩን ሲከፍት ሁለቱም ደጃፉ ላይ ቆመው ተያዩ። እኔ ማን መጀመሪያ እንደሚናገር ጠበቅሁ።

«አረጀሽ» አላት።

«አንተስ፣ በመስታወት አታይም?»

አስገባት። እኔ ቆጣሪ የሚሰቀልበትን ቦታ አያለሁ ብዬ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ፤ የሚያወሩት ግን ይሰማኛል። ስለ ጉልበት አወሩ። ስለ ደም ግፊት አወሩ። ከድሮዎቹ ሠራተኞች ማን ሞተ፣ ማን ውጭ ሄደ፣ ያ ከማዕከል ሲደውል የሚጮኸው ሰውዬ ምን ሆነ። አንዴ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ የሰማሁት ነገር የለም። ሲወጡ ጋሼ መሰላል ወደ እኔ ዞሮ «እሷ ምንም አይልም ካለች፣ ይሁና፣ ስቀሉት» አለኝ።

ስንመለስ እማዬ በታክሲው መስኮት ወደ ጣሪያዎቹ እያየች ነበር፤ ሶላሮቹ በፀሐይ ያንጸባርቃሉ። ቤት ልንደርስ ስንል፣ ሳልጠይቃት፣ «ይቅርታ አልጠየቅሁትም» አለችኝ።

«ለምን?»

«ልጀምር ስል፣ ‹ተይው፣ ደክሞሻል› አለኝ።»